በቀይ የከበብኩት ቁጥር

በ2001 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ አንድ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ የሠራውን እውነተኛ ሥራ በቀይ እስክሪብቶ ከብቤ «ስህተት! ድገም!» ብዬ ጻፍኩበት። ልጁም ደገመው። ውሸት አድርጎ ደገመው። እኔም ዐሥር ከዐሥር ሰጠሁት።

ያን ጊዜ ደብረ ብርሃን ፊዚክስ አስተምር ነበር። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን በሰማይ ታየ ከተባለው ብርሃን ነው፤ ሰማይን ለማስተማር ከዚያ የተሻለ ቦታ የለም ብዬ አምን ነበር። ታኅሣሥ ላይ ብርዱ አጥንት ሰብሮ ይገባል፤ ሰማዩ ግን ጥርት ይላል። ስለዚህ ተማሪዎቼን ኮከብ ላስለካቸው ቆረጥኩ።

መሣሪያችን ፕሮትራክተር፣ ቀለሙ ያለቀ የእስክሪብቶ ቀፎ፣ ክርና ብሎን ነበር። ቀፎው በፕሮትራክተሩ ቀጥ ያለ ጠርዝ ላይ በፕላስተር ይጣበቃል፤ ክሩ ከመሃል ይታሰርና ብሎኑ ጫፉ ላይ ይንጠለጠላል፤ ልክ እንደ ግንበኛ ቱንቢ። አንዱ በቀፎው ቀዳዳ ኮከቡን ሲያይ ሌላው ባትሪ አብርቶ ክሩ ያረፈበትን ቁጥር ያነባል። ንባቡ ከ90 የሚለይበት መጠን የኮከቡ ከፍታ ነው።

የምንለካው የሰሜን ኮከብን ነበር። ምድር የምትሽከረከርበት ዛቢያ በሰሜን በኩል የሚያመለክተው ወደዚህ ኮከብ አቅራቢያ ስለሆነ፣ ከአድማስ በላይ ያለው ከፍታ ተመልካቹ ከምድር ወገብ ምን ያህል እንደራቀ ይናገራል። ደብረ ብርሃን 9.7 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ ኮከቡ እዚያ ከአድማሱ ብዙም ከፍ አይልም። «ሌሎቹ ከዋክብት ሌሊቱን ሙሉ ይዞራሉ፤ ይህ ግን ንቅንቅ አይልም» አልኳቸው። እኔም ተማሪ ሳለሁ የተነገረኝ ይኸው ነበር።

ለዐሥር ምሽት፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ለኩ። የክፍሉ አማካይ 10.3 ሆነ። ከ9.7 ለምን እንደበለጠ ሲጠይቁኝ «ርካሽ ፕሮትራክተር ነው» ብዬ አለፍኩት።

አንድ ልጅ ግን ሁለት ዓምድ ይዞ መጣ። ዲያቆን ስለነበረ ለኪዳን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ይነሣል። ታናሽ እህቱን እየቀሰቀሰ ባትሪ ያስይዛትና ከመሄዱ በፊት ይለካ ነበር። የምሽቱ ዓምድ እንደ ጓደኞቹ 10.3፣ የንጋቱ ዓምድ 9.4 ይላል። እኔ 9.4ን በቀይ ከበብኩ። በክፍሉ ፊትም «ይህን በእንቅልፍ ልብህ ነው የለካኸው» አልኩት። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። «እንቅልፋሙ» የሚለው ስም እስከ ዓመቱ መጨረሻ አልለቀቀውም። ገጹን ቀዶ በንጹሕ ወረቀት እንዲያመጣም አዘዝኩት። በማግስቱ አመጣ፤ የንጋቱ ቁጥሮች በሙሉ 10.3 ሆነዋል። ያኔ ነው ዐሥር ከዐሥር የሰጠሁት።

ክፍሉ በሙሉ ከመጽሐፉ ሲለይ ጥፋቱን በመሣሪያው ላይ ጣልኩ፤ አንዱ ከክፍሉ ሲለይ ደግሞ በልጁ ላይ። በራሴ ላይ የጣልኩት ጥፋት አልነበረም።

ስምንት ዓመት አለፈ። ካሜራ ካለው አንድ ወዳጄ ጋር ከከተማ ወጣ ብለን ሰሜኑን ሰማይ ፎቶ ልናነሣ ሄድን። ካሜራውን በእግሩ ላይ አቁመን መዝጊያውን ለሁለት ሰዓት ያህል ከፍተን ተውነው። ከዋክብቱ ሁሉ እንደ ሞሰብ ስፌት ክብ ክብ መስመር ሠሩ። ምስሉን ስናጎላው መሃል ላይ ያለው የሰሜን ኮከብም ነጥብ አልነበረም፤ አጭር ቅስት ሠርቷል። ይንቀሳቀሳል!

ቤት ገብቼ ሒሳቡን ሠራሁ። የሰሜን ኮከብ ከእውነተኛው ዋልታ ሁለት ሦስተኛ ዲግሪ ያህል ይርቃል፤ ይህም ከሙሉ ጨረቃ ስፋት ጥቂት የሚበልጥ ነው። ስለዚህ በየቀኑ ዋልታውን ትንሽ ክብ ሠርቶ ይዞረዋል። በታኅሣሥ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ በክቡ አናት አጠገብ ይሆናል፤ 11 ሰዓት ሌሊት ላይ ከዋልታው በታች ወርዷል። ለደብረ ብርሃን ያገኘሁት ቁጥር ልጁ ከጻፈው ጋር የተቀራረበ ነበር። ፕሮትራክተሩም፣ ተማሪዎቹም፣ «እንቅልፋሙ»ም ልክ ነበሩ። ስህተቱ የኔ ዐረፍተ ነገር ነበር፤ ንቅንቅ አይልም ያልኩት።

ከዚያ በኋላ ሰማይን የለኩ ሰዎችን ታሪክ የማነበው እንደ ተከሳሽ ሆኜ ነው። ታይኮ ብራሄ ቴሌስኮፕ ከመፈጠሩ በፊት ያኔ የዴንማርክ በነበረችው የቬን ደሴት ላይ በትልልቅ መለኪያዎች የከዋክብትንና የፕላኔቶችን ቦታ ሲመዘግብ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1601 ሞተ። መዝገቡን የተረከበው ዮሐንስ ኬፕለር ማርስ የምትሄድበትን መንገድ በክብ ላይ ሲሠራው ከታይኮ ልኬት በ8 ደቂቃ ብቻ ተለየበት። አንድ ዲግሪ 60 ደቂቃ ነው፤ 8 ደቂቃ የጨረቃን ስፋት ሩብ ያህላል። ኬፕለር ግን የሞተውን ሰው ቁጥር ሳይሆን የራሱን ስሌት ጣለ። ከዚያ የተነሣ ማርስ በሞላላ መንገድ እንደምትዞር ደረሰበት፤ በ1609ም አሳተመው። ኬፕለር ለ8 ደቂቃ ሲል ዓመታት የደከመበትን አፈረሰ። እኔ ግን አንድ ዐረፍተ ነገሬን ላለማፍረስ 54 ደቂቃ ደመሰስኩ።

ራሴን በይበልጥ ያየሁት ግን በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በእንግሊዙ የግሪንዊች የሰማይ መመልከቻ በሆነ ታሪክ ነው። በዚያ ዘመን የኮከብ ቦታ የሚለካው በዓይንና በጆሮ ነበር፤ ተመልካቹ የሰዓቱን ምት እያዳመጠ ኮከቡ በቴሌስኮፑ ውስጥ ያለውን ክር የሚያልፍበትን ቅጽበት ይመዘግባል። የግሪንዊቹ አለቃ ኔቪል ማስክሊን፣ ረዳቱ ዴቪድ ኪኔብሩክ ከእርሱ በ0.8 ሴኮንድ እየዘገየ ሲመዘግብ አይቶ በ1796 አሰናበተው። ሰማይ ሳያቋርጥ ስለሚዞር ልዩነቱ ለኮከብ ለኪ ቀላል አልነበረም። ከሃያ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ቤሰል ነገሩን አነበበና ራሱን ከሌሎች የታወቁ ተመልካቾች ጋር አነጻጸረ። የሁለት ጠንቃቃ ሰዎች ልኬት በአንድ ሴኮንድ ያህል ሊለያይ እንደሚችልም አገኘ። እያንዳንዱ ሰው የራሱ መዘግየት ወይም መቅደም አለው፤ ታውቆ ይቀነሳል እንጂ በስድብ አይታረምም። የመለኪያንና የለኪን ስህተት እየለቀመ የሚያርመው ይኸው ቤሰል በ1838 የአንድን ኮከብ ርቀት በአስተማማኝ ሁኔታ ለክቶ በማሳተም የመጀመሪያው ሆነ።

በመጀመሪያ «እኔ ማስክሊን ነኝ» ብዬ አዝኜ ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን እርሱም ከኔ ይሻላል። ማስክሊን ረዳቱን ቢያባርርም ልዩነቱን በታተመው መዝገብ ላይ አስፍሮታል፤ ቤሰል እውነቱን ያገኘው ከዚያ ነው። እኔ ገጹን አስቀድጄዋለሁ። 9.4 የምትለዋ ቁጥር ዛሬ የምትገኘው ከብቤ ስለጻፍኩባት በማትረሳኝ በኔ ራስ ውስጥ ብቻ ነው። ጋይያ የተባለችው የአውሮፓ መንኮራኩር 1.8 ቢሊዮን የሚያህሉ ከዋክብትን ቦታ ስትለካ እንኳ በእያንዳንዱ ቁጥር ጎን ሊኖር የሚችለው የስህተት መጠን ተጽፏል። የሰማይ ካርታ የሚታመነው ስህተቱን ስለማይደብቅ ነው።

ልጁን አፈላልጌ ደወልኩለት። ዛሬ ባለትዳርና የልጅ አባት ነው። ሁሉንም ነግሬ ይቅርታ ጠየቅኩት። «ኧረ ቲቸር፣ እኔ እኮ ረስቼዋለሁ!» ብሎ ሳቀ። ጥቂት ዝም አለና «ግን ከዚያ ወዲህ የላብራቶሪ ውጤት ከጓደኛዬ ነበር የምገለብጠው። እርስዎ የሚፈልጉት ቁጥር እንዳለ ገባኝ» አለኝ። ከስድብ ሁሉ የከበደኝ ይህ ነው። አንድ ቁጥር ያጠፋሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ያጠፋሁት ለኪውን ነው።

አሁን በክፍሌ ላጲስ ክልክል ነው። የተጠረጠረ ቁጥር በአንዲት ቀጭን መስመር ይሰረዛል፤ ከሥሩ ግን መነበብ አለበት። የንጋት ልኬትም ግዴታ ሆኗል፤ እህትና ወንድም መቀስቀስም ይፈቀዳል።

እናንተም የምታስተምሩ፣ የምታሠሩ፣ ልጅ የምታሳድጉ ሁሉ፣ የታናሻችሁ ቁጥር ከናንተ ሲለይ ቀይ እስክሪብቶውን ከማንሣታችሁ በፊት እኔ ያኔ ያልጠየቅኩትን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ስንት ሰዓት ላይ ለካኸው?»