የሰው ወርቅ አያደምቅ፦ የከባድ ሄሊኮፕተሮች መለዋወጫና የሉዓላዊነት ጥያቄ

በየአገሩ የጦር ኃይሎች በዓል ሲከበር የሚቆጠረው በሰማይ ያለፈው ነው፤ መለዋወጫ አጥቶ በመጠለያ የቆመውን የሚቆጥር የለም። እኔ ግን ስለ መንግሥታት ወታደራዊ አቅም በተነሣ ቁጥር አስቀድሜ የምጠይቀው፦ ለመሆኑ መለዋወጫው በማን እጅ ነው? የሚለውን ነው።

ሚ-26ን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1977 መጨረሻ ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው ይህ የሶቪየት ሄሊኮፕተር 20 ቶን ያህል ያነሣል። የሚገጣጠመው ሩሲያ ውስጥ፣ በሮስቶቭ ከተማ ነው። እያንዳንዳቸው ከ11 ሺሕ የፈረስ ጉልበት በላይ ያላቸው ሁለቱ ዲ-136 ሞተሮቹ ግን የዩክሬኗ የዛፖሪዢያ ከተማ ሥራ ናቸው። ሁለቱ ከተሞች በአንድ መንግሥት ሥር ሳሉ ይህ የሥራ ክፍፍል እንጂ ጥገኝነት አልነበረም። በ1991 ድንበር በመካከላቸው ገባ፤ ንግዱ ግን ቀጠለ። በ2014፣ ሩሲያ ክሪሚያን ከያዘች በኋላ፣ ዩክሬን ወታደራዊ የኢንዱስትሪ ትብብሩን አቋረጠች። ኒውክሌር የታጠቀችው ሩሲያም ለገዛ ሄሊኮፕተሯ ፒዲ-8ቪ የተባለ ምትክ ሞተር ወደ ማልማት ገባች።

«ሌላ ሞተር ገዝቶ መግጠም አይቻልምን?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ሞተሩ ከካምቢዮው፣ ካምቢዮውም ከስምንቱ ተሽከርካሪ ክንፎች ጋር ተሰልቶ የተሠራ ስለሆነ፣ አንዱን መለወጥ ሌላውን እንደ አዲስ መፈተሽን ያስከትላል። በዚያም ላይ ዋና ዋና ክፍሎቹ የበረራ ሰዓት ገደብ አላቸው፤ ገደቡ ሲሞላ፣ ምንም ያልተሰበረ ማሽንም ቢሆን መቆሙ ግድ ነው።

ገዢዋ ህንድ ይህን በሚገባ ታውቀዋለች። በ1980ዎቹ አራት ሚ-26 ገዝታ፣ ከባድ መሣሪያዎችን ወደ ሂማላያ ተራሮች አጓጉዛባቸዋለች። አንዱ በ2010 ተከሰከሰ፤ የቀሩትም ከፍተኛ ጥገና ሲጠብቁ ከአገልግሎት ውጭ ሆነው ቆሙ። በ2015 ህንድ 15 የአሜሪካ ቺኑክ ሄሊኮፕተሮችን ለመግዛት ተፈራረመች፤ የመጀመሪያዎቹን በ2019 ሥራ አስገባች። የቺኑክ ጭነት የሚ-26ን ግማሽ ያህል ነው።

ራስን መቻልም ቢሆን ርካሽ መንገድ አይደለም። ሁሉ የተሟላላት አሜሪካ እንኳ የሲኤች-53ኬ ሄሊኮፕተርን የልማት ውል በ2006 ፈርማ፣ ሄሊኮፕተሩ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ደረጃ የበቃው በ2022 ነው። እስከዚያው ድረስ በኢራቅና በአፍጋኒስታን የደከሙትን አሮጌዎቹን ሲኤች-53ኢዎች እየፈታች ማደስ ነበረባት።

ነገሩ ለእኛም ባዕድ አይደለም። በ1977 በኦጋዴን ሰማይ የሶማሊያን ሚጎች የጣሉት የአየር ኃይላችን ኤፍ-5 አውሮፕላኖች አሜሪካ ሠራሽ ነበሩ፤ የአሜሪካ ወታደራዊ ርዳታ ግን በዚያው ዓመት ተቋርጧል። የአብራሪዎቻችን ጀግንነት የማያጠያይቅ ነው፤ ጀግንነት ግን መለዋወጫ አይሆንም።

ይህን ማለቴ ድሃ አገር ሄሊኮፕተር አይግዛ፣ ወይም ሁሉንም ራሱ ይሥራ ለማለት አይደለም። የጎርፍ ውኃ መንገድ ሲቆርጥ ለተከበበው ሕዝብ እህልና መድኃኒት የሚያደርሰው ይኸው ማሽን ነው። የምለው፣ የግዢው ዋጋ የወጪው መጀመሪያ ብቻ መሆኑ ይታወቅ ነው። ከፍተኛ ጥገናው የት ይደረጋል? ሻጩ ቢኮርፍ የተከማቸው መለዋወጫ ስንት ዓመት ያዘልቃል? የራሳችን ባለሙያ የትኛውን ክፍል ፈትቶ መግጠም ይችላል? እነዚህ ጥያቄዎች ከፊርማው በፊት መልስ ካላገኙ፣ ከፊርማው በኋላ መልሱን የሚሰጠው ሻጩ ይሆናል።

ቸር ይግጠመን።