ፍላሹን ከካሜራው አናት አውርጂው

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ሐዋሳ ላይ የራስሽን የሠርግ ፎቶ ሥራ ልትጀምሪ ስትነሺ መርቄሻለሁ። ስለ ሥራው ግን በቃል የነገርኩሽ እንዳይረሳ በጽሑፍ ይሁንልሽ። ሁለት ፍላሽና ያለ ገመድ የሚቀሰቅሳቸውን ትሪገር መግዛትሽ ደግ አድርገሻል። የትሪገሩ ጥቅም ፍላሹን ከካሜራው አናት አውርደሽ ለሰውየው ፊት በሚስማማው ቦታ ለማቆም ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

ካሜራው ላይ የተሰካ ፍላሽ ብርሃኑ ከሌንሱ አቅጣጫ ስለሚሄድ አፍንጫና ጉንጭ ጥላ ያጣሉ፤ ግንባር ያብለጨልጫል። በስታንድ ከሙሽራዋ በአንድ ወገን፣ ከዓይኗ ከፍ አድርገሽ አቁሚው፤ በጃንጥላ ወይም በሶፍትቦክስ አለስልሺው።

አጥብቄ የምለምንሽ ስለ ሀበሻ ቀሚስ ነው። ነጩ ጥጥ ብርሃኑን መልሶ ይተፋዋል፤ የጠይም ሰው ፊት ደግሞ የበለጠ ብርሃን ይፈልጋል። ፍላሹን ደረቷ ላይ ካነጣጠርሽው የሸማው ድርና ማግ ይጠፋል፣ ፊቷም ይጨልማል። አውቶማቲኩን ቲቲኤል ብታምኚም ነጩን አይቶ ኃይሉን ይቀንስብሻል። ስለዚህ በማንዋል ሥሪ፤ የብርሃኑን መሐል ወደ ፊቷ አድርገሽ ጠርዙ ብቻ ቀሚሱ ላይ ይረፍ። ሙሽራዋ ከዓመታት በኋላ የምታየው ፊቷን ነውና ጊዜሽን እዚህ ላይ አጥፊ።

ርቀት ደግሞ ከኃይል ይበልጣል። ከፍላሹ 1 ሜትር ላይ ከቆመ ሰው ጋር ሲነጻጸር 2 ሜትር ላይ ላለው የሚደርሰው ሩብ ብርሃን ነው። ዘመድ ተሰልፎ ሲነሣ ፍላሹን ከጎን አስጠግተሽ ካቆምሽ የዳሩ ሰው ይነጣል፣ የማዶው ይጠቁራል። ራቅ አድርጊው፤ አንዱ በ4፣ ሌላው በ5 ሜትር ከሆነ ልዩነቱ ሲሶ ያህል ብቻ ነው።

ሹተርሽን ከ1/200 ወይም እንደ ካሜራሽ ከ1/250 ሰከንድ አታሳልፊ፤ ከዚያ ካለፈ መጋረጃው ሙሉ በሙሉ ሳይከፈት ፍላሹ ስለሚበራ ፎቶው ላይ ጥቁር ድንበር ይቀራል። ከዚህ ልክ በታች ግን ሹተሩ በፍላሹ ብርሃን ላይ ሥልጣን የለውም፤ የሚገዛው የአካባቢውን ብርሃን ነው። አመሻሽ ላይ ሐይቁ ዳር ስትሠሪ ሰማዩ እንዲታይ ሹተሩን አዘግዪ፤ ፊቷን በፍላሹ ኃይል አስተካክዪ። በቀትር ፀሐይ ከዚያ የሹተር ልክ በላይ የሚያሠራሽን ሃይ ስፒድ ሲንክ መጠቀም ትችያለሽ፤ ግን የፍላሹን ጉልበት ይበላል።

በትልቅ ሠርግ የአንቺን ዓይነት ትሪገር የያዘ ሌላ ካሜራማን አይጠፋም። ቻናላችሁ ከተገጣጠመ እሱ ባነሣ ቁጥር ያንቺ ፍላሽ ይበራል፤ ስለዚህ ሳትጀምሪ ተነጋገሩ፣ ቻናልሽንም ለይ። በብርሃን የሚቀሰቀሰውን ስሌቭ ለአዳራሽ አልመክርሽም፤ የእንግዳው ሁሉ ፍላሽ ያስነሣዋል። ያረጀ የስቱዲዮ ፍላሽ ርካሽ ሆኖ ቢቀርብልሽም ካሜራሽ ላይ እንዳትሰኪው፤ አንዳንዶቹ በመቀስቀሻቸው ላይ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ስላላቸው ካሜራውን ያቃጥሉታል።

ስታንዱ እግር ላይ ሸክም አኑሪበት፤ ሕፃናት ይሮጣሉ፣ ጃንጥላውም ነፋስ ይይዛል። በተክሊል ጊዜ ካህናቱን አስቀድመሽ ጠይቂ፤ ካልፈቀዱ ትሪገሩን አጥፍተሽ አይኤስኦውን ከፍ አድርጊ። ሥርዓቱ የነሱ ነው፣ አንቺ እንግዳ ነሽ። ለትሪገሩ ትርፍ ባትሪ ኪስሽ ውስጥ ይኑር።

የመልስ ካባ ሲመጣ ጥቁሩ ከፋይ ብርሃን ይውጣል፤ ፍላሹን ወደ ጎን አዙረሽ ጥልፉን በአግድም ካልዳሰስሽው ወርቁ አይታይም። የመጀመሪያውን ካባ ስታነሺ ሳታስተካክዪው ላኪልኝ፤ ፍላሹን የት እንዳቆምሽም ጻፊልኝ።

አባትሽ