ዳረጎትና አበል

«ዳረጎት» በጥንቱ አነጋገር ችሮታ ማለት ነው። ሰጪው ደስ ሲለው ይሰጣል፤ ተቀባዩም እጅ ነሥቶ ይሄዳል እንጂ ይጨመርልኝ ብሎ አይከራከርም። በጡረታ ሕጋችን ግን ይኸው ቃል የተወሰነ ትርጉም አለው። የአገልግሎት ዘመኑ ዐሥር ዓመት ያልሞላ የመንግሥት ሠራተኛ በጤና ጉድለት ሲሰናበት አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈለው ገንዘብ ዳረጎት ይባላል። ዐሥር ዓመት የሞላው እንደ ሆነ ግን በየወሩ አበል ያገኛል። በወረቀት ላይ ልዩነቱ የአንድ ቃል ነው፤ በአንድ ቤተ ሰብ ኑሮ ላይ ምን ያህል እንደሚሰፋ ግን አሰላ ላይ በአባቴ መኝታ አጠገብ ሆኜ አይቼዋለሁ።

አባቴ በአርሲ ደጋ ከገበሬ ቤት የተወለደ፥ አናጢነትን በገዛ እጁ የተማረ ሰው ነው። ብዙ ዘመን በቀን ሠራተኛነት ከደከመ በኋላ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በቋሚነት ተቀጠረ። ቅዳሜ የካቲት 19 ቀን 2008 ዓ.ም. የመሥሪያ ቤቱን የእህል መጋዘን ጣራ ሲጠግን ወደቀ። አከርካሪው ተጎድቶ ነበርና ከወገቡ በታች ያለው አካሉ ከዚያ ወዲህ አልታዘዘውም። በዚያን ቀን የቋሚ አገልግሎቱ ዘመን ዘጠኝ ዓመት ከአራት ወር ነበር።

የስንብቱ ደብዳቤ «በሕመም ምክንያት» ይላል፤ ከጣራ ስለ መውደቁ አንድም መስመር የለበትም። ስለዚህ የተወሰነለት ዳረጎት ሆነ። ውሳኔውን በሰጡት ላይ አልፈርድም፤ የደረሳቸውን ወረቀት አነበቡ። አባቴ ቃሉን በሰማ ጊዜ ሣቀና «እኔ የሠርግ ቤት አዝማሪ ነኝን?» አለ። ከዚያ በኋላ ግን ለሦስት ቀን ያህል ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ።

በዚያን ጊዜ ይሠራበት የነበረውን አዋጅ ቁጥር 714/2003 ገዝቼ ማታ ማታ አነብብ ጀመር። ከሥራ በመጣ ጉዳት ለዘለቄታው የመሥራት ችሎታውን ያጣ ሠራተኛ፥ የአገልግሎቱ ዘመን ምንም ያህል ቢሆን፥ ከደመወዙ 47 በመቶ በየወሩ እንዲከፈለው አዋጁ ያዝዛል። እንግዲህ የጎደሉት ስምንት ወራት አከራካሪ መሆናቸው ቀረና ነገሩ ሁሉ በአንዲት ጥያቄ ላይ ቆመ፤ ሰውየው ታመመ ወይስ በሥራ ላይ ወደቀ?

መሥሪያ ቤቱ የወደቀበት ቀን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስለ ነበረ በሥራ ላይ አልነበረም ሲል መለሰ። እውነቱ ግን እንዲህ ነው። በዚያ ሳምንት የበልጉ ደመና በጭላሎ ላይ ቀድሞ ጠቁሮ ነበር። መጋዘኑ ያፈስሳል፤ በውስጡም ስንዴ አለ። አለቃው ዝናሙ ሳይቀድመን ብሎ አባቴንና አንድ ባልደረባውን ጠራቸው፤ ትእዛዙም የቃል ትእዛዝ ነበር። በመሥሪያ ቤት የኖረ አንባቢ የቃል ትእዛዝ ምን ያህል ቶሎ እንደሚተንን ያውቃል።

ባልደረባው ጡረታ ወጥቶ ወደ በቆጂ ገብቶ ነበርና በሐምሌ ጭቃ ፍለጋ ሄድሁ። ገብስ ማሳ ውስጥ አገኘሁት። ጉዳዩን ተናግሬ ሳልጨርስ «መሰላሉን የያዝሁት እኔ ነኝ፤ የትም ቢሆን እመሰክራለሁ» አለኝ። ይሁን እንጂ ከምስክሩ ይልቅ የረዳን አንድ ወረቀት ነው። የጽሕፈት ቤት ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው ንብረት ከግምጃ ቤት ሲወጣ ሞዴል 22 ይሞላል። የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ፥ እግዜር ይስጠውና፥ ጥራዙን ገልጦ ሦስት ቆርቆሮና አንድ ኪሎ ምስማር በአባቴ ፊርማ የወጣበትን ቅጠል አሳየኝ። ቀኑ የካቲት 19 ነው። ሰውየው በሥራ ላይ አልነበረም ቢባል እንኳ ምስማሩ በሥራ ላይ ነበር።

እናቴ የእኔን የወረቀት ክምር እያየች ትገረም ነበር። በአርሲ ልማድ ያገባች ሴት በደል ሲደርስባት ሲንቄዋን ይዛ ከደጅ ትወጣለች፤ የሰሙት ሴቶችም ሲንቄያቸውን ይዘው ይከተሏታል፤ ሽማግሎች ተቀምጠው በዳዩን ሳያስክሱ ወደ ቤቷ አትመለስም። «ያንተ ሲንቄ ቀጭን ናት፤ ወረቀት ብቻ» ትለኝ ነበር።

ይግባኙን ለማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ አቀረብሁ። ከአሰላ አዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ስንት ጊዜ እንደ ተመላለስሁ አልቈጥርም። በ2010 ዓ.ም. ጉዳቱ ከሥራ የመጣ ነው ተብሎ ተወሰነ፤ አባቴም አበሉን ይቀበል ጀመር። በዚያን ዕለት እናቴ ቡና አፍልታ ጎረቤት ጠራች።

ነገር ግን እውነቱን ለመናገር በቤታችን የከበደው ነገር ያን ጊዜም አልቀለለም። አዋጁ የሚሰፍረው የታጣውን ደመወዝ ነው። መነሣት ያልቻለ ሰው ጀርባው እንዳይቈስል ሌሊትም ሳይቀር በየሁለት ሰዓቱ መገላበጥ አለበት፤ ይታጠባል፥ ይለበሳል፥ ይጎረሳል። ለዚህ ለአስታማሚው ተብሎ የተጻፈ አንቀጽ በዚያም አዋጅ፥ በ2014 ዓ.ም. በተተካው በአዋጅ ቁጥር 1267 ውስጥም ፈልጌ አላገኘሁም። የአናጢ ደመወዝ 47 በመቶ ደግሞ አስታማሚ አይቀጥርም። የቤተ ሰብ ሕጋችን ልጅ ወላጁን እንዲጦር ያዝዛል፤ ትእዛዙንም በደስታ እቀበላለሁ። ነገር ግን ጧሪው ቀን ቢሮ የሚውል ሰው ሲሆን የሚያገላብጠው ሌላ ነው። በእኛ ቤት ይህ እጅ የእኅቴ ነው። የመምህርነት ትምህርቷን በሁለተኛው ዓመት አቋርጣ ተመለሰች፤ ማንም አላዘዛትም፤ ማንም አልከለከላትም።

በ1960 ዓ.ም. የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፥ ካዱ የምንለው፥ በአሰላ ሲቋቋም ገንዘብና ባለሙያ የሰጡት ስዊድኖች ነበሩ። እነርሱ በገዛ ሀገራቸው እ.ኤ.አ. በ1994 በሥራ ላይ በዋለ ሕግ፥ ከባድ ጉዳት ላለበት ሰው በመንግሥት ወጪ የግል ረዳት የማግኘት መብት ሰጥተዋል። በዚያም ቢሆን ጥያቄያቸው ውድቅ የሚሆንባቸው ብዙዎች ናቸው፤ እነርሱም ወደ አስተዳደር ፍርድ ቤት ይግባኝ ይላሉ። በሀብት ከእነርሱ ጋር እንደማንወዳደር ዐውቃለሁ። የእኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንኡስ አንቀጽ 5 መንግሥት ለአካል ጉዳተኞችና ለአረጋውያን እንክብካቤ አቅሙ በፈቀደ መጠን ሀብት እንዲመድብ ይላል። አቅም የሚለውን ቃል አልጠላውም። የምጠይቀው የእኅቴ ድካም በየትኛው መዝገብ እንደሚቈጠር ብቻ ነው።

ባለፈው ወር ይህንኑ በአንድ ገጽ ማመልከቻ ጽፌ፥ የሐኪሞች ቦርድ ማስረጃና የጉባኤውን ውሳኔ አያይዤ፥ ለሚመለከተው ክፍል አቀረብሁ። እኅቴ አንብባው ስሟ በሁለት ቦታ ተሳስቶ ስለ ነበር አረመችው። መዝገብ ቤት ቁጥር ሰጥቶታል፤ ማክሰኞ ሄጄ እጠይቃለሁ።