12 ደቂቃዬን አትንኩብኝ

ካራኦኬ ላይ ረጅም ዘፈን መምረጥ ነውር ነው የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። እኔ ግን ሒሳቡን ልንገራችሁ። እዚህ ቶኪዮ ትንሽ ክፍል ተከራይታችሁ፣ በር ዘግታችሁ ነው የምትዘፍኑት፤ ክፍያው ብዙ ጊዜ በየግማሽ ሰዓቱ፣ በነፍስ ወከፍ ነው። አምስት ሆነን አንድ ሰዓት ብንይዝ ለያንዳንዳችን 12 ደቂቃ ይደርሰናል። የማሳሺ ሳዳ «ኦያጂ ኖ ኢቺባን ናጋይ ሂ» (እ.ኤ.አ. 1979) ደግሞ 12 ደቂቃ ከምናምን ነው። በቃ፣ ድርሻዬን በአንድ ዘፈን ጨረስኩ። ማንን በደልኩ?

የኤክስ ጃፓንን «አርት ኦፍ ላይፍ» አልመረጥኩ! እሱ 29 ደቂቃ ነው፤ መሃሉ ላይ ፒያኖው ብቻውን ሲሄድ ማይክ ይዞ ግድግዳ ማየት ነው።

የሳዳው ግን ወሬ ነው። ወንድም የእህቱን ነገር ከልደቷ እስከ ሰርጓ ይተርካል፤ ዓይኑ ግን አባታቸው ላይ ነው። ፈጣኑ ዘፈን ምላሴን ያስረዋል፣ ይሄኛው ይጠብቀኛል። ስክሪኑ ላይ ከካንጂው በላይ ንባቡ በትንንሽ ሂራጋና ተጽፏል፤ ቀለሙ እየተቀየረ ይመራኛል።

ደግሞ ሌላም አለ። ቀን ቀን ጃፓንኛ ስጀምር ሰው ይጨርስልኛል። ደግነት ነው፣ ግን ያደክማል። ማይክ ከያዝኩ የሚጨርስልኝ የለም።

ባለፈው አንዷ እጇን ወደ ማቋረጫው ቁልፍ ስትሰድ አየኋት። ልጅቷ ልትዳር ደርሳ ነበርና መልሳ ሰበሰበችው።