ይሄ ሰውዬ ማነው?

መቼም "እኛ" እያልን ስንጽፍ ከኋላችን አንድ ሙሉ የዝግጅት ክፍል ያለ ይመስላል። ወገን፣ የለም። እኛ ማለት ጋዜጠኝነት የተመረቅን፣ ጋውን ለብሰን የተነሳነውን ፎቶ እናታችን ሳሎን ውስጥ የሰቀለችልን፣ ጽሑፍ በተናጠል እየሸጥን የታክሲ የምንችል አንዲት ልጅ ነን። "እኔ" ብሎ መጻፍ ስለሚያሳፍረን ነው። ዛሬ የምናወራው ደግሞ በራሱ የሚያሳፍር ነገር ስለሆነ "እኛ"ዋ ትንሽ ትከልለናለች ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። በተመረቅን በመጀመሪያው ዓመት አንድ አለቃ "ለበዓሉ እትም አንድ ጀግና አምጪ" አለን። ጀግና እንደ ሽንኩርት ከጉልት የሚገዛ ይመስል! እኛም ሩቅ አልሄድንም። ሰፈራችን ውስጥ የአንድ ጋራዥ ዘበኛ የሆኑ ጋሼ አሉ። በቀድሞው ጦር ታንከኛ እንደነበሩ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሻይ አዘዝን፣ ሞባይላችንን ለቀረጻ ከፈትን፣ ከዚያም የአንደኛ ደረጃ ተማሪ የሚጠይቀውን ጥያቄ ጠየቅን።

"ጋሼ፣ ስንት ታንክ መቱ?"

ዝም ብለው አዩን። "አንቺ ልጅ፣ እኔ የማስታውሰው ሙቀቱን ነው" አሉ።

ከዚያ ስለ ሙቀቱ ነገሩን። ቀትር ላይ ብረቱ እንዴት እጅ እንደሚልጥ፣ የኮዳው ውሃ እንዴት እንደሚሞቅ፣ ሹፌራቸው ምን እያለ ይቀልድ እንደነበር። ስለ ሹፌሩ ሲያወሩ ድምፃቸው ተለወጠ። እኛ በጨዋነት እስኪጨርሱ ጠበቅን። አዎ፣ ጠበቅን! ሲጨርሱም "እሺ ጋሼ፣ ግን ስንት?" አልን። አንድ ቁጥር ነገሩን። አሁን ስናስበው እንድንሄድላቸው ይመስለናል።

ጽሑፉ ወጣ። ርዕሱ "ብረት ለበሱ አንበሳ" ይላል። ቁጥሩ በትልቁ ተጽፏል። ሙቀቱ የለም፤ ሹፌሩም የለም። ጋዜጣውን ይዘን ስንበር ጋራዡ በር ደረስን። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡ። ከዚያ ቀና ብለው፦

"ይሄ ሰውዬ ማነው?"

"እርስዎ ነዎት እንጂ ጋሼ!"

"አይደለሁም። ታንኩም የእኔ አይደለም። የእኔ ቲ-55 ነበር። ይሄ የአያቴ ዘመን ነው።"

ፎቶውን ከኢንተርኔት ነበር ያወረድነው። ለካ ቲ-34 ኖሯል። ጋዜጣውን አጥፈው መለሱልን። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለን ነበር።

የዚያን ቀን ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለን "ይሄ የማን ታንክ ነው?" ብለን ማንበብ ጀመርን። ቁጭት ነው ያስጀመረን፤ የጦርነት ታሪክ ወዳጆች ሆነን አይደለም። ግን ከዚያ ንባብ አንድ ልጅ አገኘን። (ካሁን በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የራሳችንን ስንጠራ እናሳውቃለን።)

ልጁ ዮን ዴገን ይባላል። በ1925 ዩክሬን ውስጥ ሞጊሌቭ-ፖዶልስኪ በምትባል ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ በልጅነቱ ሞቱበት። ጁን 22 ቀን 1941 ናዚ ጀርመን ሶቪየት ኅብረትን ስትወር ገና ዘጠነኛ ክፍል መጨረሱ ነበር። 16 ዓመቱ ነው። እስቲ አስቡት፤ እኛ በ16 ዓመታችን ትልቁ ጭንቀታችን ማትሪክ ነበር። እሱ ከእኩዮቹ ጋር በፈቃደኝነት ዘመተ። በዚያው ክረምት እግሩን ቆሰለ። ራሱ በኋላ እንደተረከው ሐኪሞቹ እግሩን እንቁረጥ ሲሉ እምቢ ብሎ ነው የተረፈለት። በ1942 ካውካሰስ ላይ እንደገና ተዋግቶ እንደገና ቆሰለ። ከዚያ ታንክ ትምህርት ቤት ገባና በ1944 የመኮንን ማዕረግ ይዞ ወጣ። ታንክ አዛዥ ሲሆን ዕድሜው ገና 19 ዓመት ገደማ ነበር።

የተመደበው በሁለተኛው የዘብ ልዩ ታንክ ብርጌድ ነው። ሥራው የጠላትን የምሽግ መስመር ቀድሞ መስበር ነበር፤ ቀድሞ የሚገባ ደግሞ ቀድሞ ይቃጠላል። በ1944 በጋ ቤላሩስ ላይ በተከፈተው ታላቅ ማጥቃት ተሳተፈ፣ ወደ ሊቱዌኒያ ዘለቀ፣ ከዚያም ወደ ምሥራቅ ፕሩሲያ። በብርጌዱ ውስጥ ቅጽል ስም አወጡለት፤ "ዕድለኛው" አሉት። ምን አግኝቶ መሰላችሁ? ስምንት ወር ሙሉ ሳይሞት ስለቆየ። በዚያ ብርጌድ ስምንት ወር መቆየት ሎተሪ እንደ መውጣት ይቆጠር ነበር ማለት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ታንኩ ትንሽ እንበል፤ ከዚያ ቀን በፊት ለእኛም ታንክ ማለት በሰልፍ ቀን የሚታይ ብረት ነበር። ዴገን የነዳው ዓይነት፣ ባለ 85 ሚሊሜትር መድፉ ቲ-34፣ ከ30 ቶን በላይ ይመዝናል። ውስጡ አምስት ሰው ነው፦ አዛዥ፣ ተኳሽ፣ አጉራሽ፣ ሹፌርና መትረየስ የሚይዘው የሬዲዮ ሰው። አጉራሹ እያንዳንዱ ወደ 16 ኪሎ የሚጠጋ ጥይት በዚያ ጥበት፣ ታንኩ እየዘለለ፣ ጭሱ እያፈነው ያጎርሳል። ከዚያ በፊት በነበረው ባለ 76 ሚሊሜትሩ ቲ-34 ደግሞ መኮንኑ ራሱ ነበር አነጣጥሮ የሚተኩሰው፤ ማዘዝም መተኮስም የአንድ ሰው ሥራ። ጩኸቱ ስለማያሰማ አዛዡ ሹፌሩን በእግሩ ነበር የሚያዘው፤ ግራ ትከሻውን ረገጥ ሲያደርገው ወደ ግራ፣ ቀኙን ሲረግጠው ወደ ቀኝ። ለአጉራሹ ጡጫ ካሳየው ብረት የሚበሳውን ጥይት፣ ጣቶቹን ከዘረጋለት ፈንጂውን። የተረፉት ታንከኞች ሲያረጁ የተናገሩት ይሄንን ነው። ጡጫና መዳፍ፣ የሰው ጫማ ትከሻ ላይ። ቅድም ጋሼ ስለ ሙቀቱ ያወሩትን አስታወሳችሁ? እኛ ያን ሌሊት አስታወስነው።

ዴገን 12 የጀርመን ታንኮችን እንደመታ ይነገርለታል፤ ከእነሱም አብዛኞቹ ፓንተር የሚባሉት ናቸው። ግን ልባችንን የያዘው ቁጥሩ አይደለም። ዲሴምበር 1944 ይሄ የ19 ዓመት መኮንን ስምንት መስመር ግጥም ጻፈ። ግጥሙን እዚህ አንጠቅሰውም፤ ነገሩ ግን ይሄ ነው፦ በብርዱ መሐል አንዱ ወታደር እየሞተ ነው፤ አጠገቡ ያለው ጓደኛው የሟቹን የክረምት ቦት ጫማ ሊያወልቅ ነው፣ ምክንያቱም እሱ ነገ ገና ወደፊት መሄድ አለበት። አለቀ። ባንዲራ የለም፣ መፎክር የለም፣ "እናት አገር" የለም። ጫማ ብቻ።

ብዙም ሳይቆይ፣ ጃንዋሪ 21 ቀን 1945፣ ምሥራቅ ፕሩሲያ ውስጥ የዕድለኛው ታንክ ተመታ። ከታንኩ ሲወጣም በጥይት ተደበደበ። እጆቹ፣ እግሮቹ፣ ፊቱ አልቀሩም፤ ደሙ ተመረዘ። ራሱ እንደተረከው አንድ የሆስፒታል ኃላፊ ያን ጊዜ ከወርቅ ይበልጥ ብርቅ የነበረውን ፔኒሲሊን በደም ሥሩ እንዲሰጠው አዘዘና ዳነ። ጦርነቱ አብቅቶ በክራንች እየሄደ ሞስኮ ላይ ግጥሞቹን ለጸሐፊዎች አነበበ። ጭብጨባ የጠበቀ ካለ ተሳስቷል። የድል አድራጊውን ጦር ስም የሚያጠፋ ተባለ። የቀይ ሰንደቅ ኒሻን ደረቱ ላይ አለ፣ የአርበኞች ጦርነት ኒሻንም አለ፣ ሰውነቱ ውስጥ የብረት ስብርባሪ አለ፤ እና ጦርነቱን እንዲህ አይደለም አሉት! ለሶቪየት ኅብረት ጀግና ማዕረግ ሁለት ጊዜ ታጭቶ እንደነበርም ይነገራል፤ አልተሰጠውም።

ግጥሙ ግን አልሞተም። የደራሲው ስም ሳይታወቅ ለብዙ ዓመታት ከእጅ ወደ እጅ፣ ከአፍ ወደ አፍ ዞረ። ስሙ የተገኘው እጅግ ዘግይቶ ነው። አስቡት፤ ሰዎች ግጥሙን በቃላቸው ይዘው፣ ደራሲው በአንዱ ጦር ሜዳ ሞቷል ብለው ሲያዝኑ፣ እሱ ኪየቭ ውስጥ ነጭ ጋውን ለብሶ በሽተኛ ያያል።

አዎ፣ ሐኪም ሆነ። የዳነው በሐኪሞች እጅ ስለሆነ ሐኪም መሆን የወሰነው እዚያው ሆስፒታል አልጋ ላይ ነው። በ1951 ተመርቆ የአጥንት ሐኪም ሆነ። በ1959 የተቆረጠ የሰው ክንድ መልሶ በመግጠም ስሙ ይነሳል። እግሩን ሊቆርጡት ሲሉ እምቢ ያለው ልጅ አድጎ የሌላውን እጅ ሰፋ። ይሄን ያነበብን ጊዜ ከአልጋችን ተነስተን ቁጭ አልን። በ1977 ወደ እስራኤል ሄደ፣ እዚያም በሐኪምነት ሠራ፣ ኤፕሪል 2017 በ91 ዓመቱ አረፈ።

"እሺ፣ ቁጥሩስ ምን አጠፋ?" የሚል አንባቢ አይጠፋም። ለሱም አንድ ታሪክ አለን። ዚኖቪ ኮሎባኖቭ የሚባል ሌላ የሶቪየት ታንክ መኮንን ነበር። ኦገስት 1941 ሌኒንግራድ አቅራቢያ ኬቪ-1 በተባለ ከባድ ታንክ አድፍጦ፣ ከአራት ጓደኞቹ ጋር በአንድ ውሎ 22 የጀርመን ታንክ መታ ይባላል። ታሪክ አጥኚዎች እስከ ዛሬ በቁጥሩ ይከራከራሉ። ይሁን፣ ይከራከሩ። ሰውዬው ራሱ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ጭንቅላቱንና አከርካሪውን ቆስሎ የጦርነቱን አብዛኛውን ጊዜ በሆስፒታል አሳለፈ። በኋላ የተዋጋበት ቦታ ላይ ሐውልት ሲቆምለት መደቡ ላይ ያወጡት ታንክ አይኤስ-2 ነው። ጦርነቱ ሲጋመስ የመጣ ሌላ ታንክ! እሱ በ1941 ሊያየው እንኳ የማይችለው።

እኛ ይሄን ስናነብ ሳቅን፣ ከዚያ ሳቃችን ጉሮሯችን ላይ ቀረ። "ታንኩም የእኔ አይደለም።" እኛም በአራት አምድ ጋዜጣ ለጋሼ የሰው ታንክ ሐውልት ነበር ያቆምንላቸው።

ሶቪየት ኅብረት በዚያ ጦርነት ወደ 27 ሚሊዮን ሰው አጥታለች። ቁጥሩ ትልቅ ከመሆኑ የተነሳ ምንም አይሰማም፤ ጫማው ግን ይሰማል። ለምን ይሆን? ምናልባት ቁጥር ለሚያዝዝ ሰው ስለሚሠራ፣ ጫማ ደግሞ ለሚሄድ ሰው ስለሚሠራ ይሆናል። እንጃ።

ይሄ ነገር የሩቅ አገር ወሬ ብቻ ቢሆን ደስ ባለን። ግን በእኛ አቆጣጠር ከ2013 እስከ 2015 በሰሜን ጦርነት ጊዜ እኛ ትውልድ ስልካችን ላይ ምን ስናደርግ ነበር? ድል ሲለጠፍ ላይክ፣ ቁጥር ሲለጠፍ ሼር። የተቃጠለ ታንክ ፎቶ አይተን "ይበላቸው!" ያልን አለን። ውስጡ አራት ወይ አምስት ልጆች እንደነበሩ፣ አንዱ አጉራሽ፣ አንዱ ቀልደኛ ሹፌር እንደሚሆን ያሰብን ስንቶቻችን ነን? እኛ፣ ይቺ "እኛ" የምትለዋ አንዲት ልጅ፣ አላሰብንም። ጋዜጠኝነት ተምረን አላሰብንም። "ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት" ብለው ካስተማሩን ውስጥ "ስንት"ን ከየት እንዳመጣናት እግዜር ይወቅ።

ስብከት እንዳይመስል። ወታደር ጀግና አይደለም እያልን አይደለም። ዴገን ጀግና ነው፤ ካልሆነማ ማን ሊሆን ነው? እያልን ያለነው አንድ ሰው የሆነውን ሲነግረን የምንፈልገውን እስኪል በጨዋነት የምንጠብቅ ከሆነ፣ ያ ጨዋነት ውሸት ነው። ሞስኮ ላይ የልጁን ግጥም የገፉት ሰዎችና ጋራዡ በር ላይ "እሺ ጋሼ፣ ግን ስንት?" ያለችው ልጅ ልዩነታቸው የሥልጣን ብቻ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ወደ ጋራዡ ሄድን። ሁለት ዓመት ሙሉ በሌላኛው መንገድ ዞረን ስናልፍ ነበር፤ ይሄንንም እንናዘዝ። ጋሼ አግዳሚያቸው ላይ ተቀምጠዋል። ሸምገል ብለዋል። ቆመን ተንተባተብን፦

"ጋሼ... ስለ ሙቀቱ ልጠይቅዎት ነበር።"

ለረጅም ጊዜ አዩን። ከዚያ አግዳሚው ላይ ፈቀቅ አሉና በእጃቸው ቦታውን ጠረግ ጠረግ አደረጉልን።

"ሞባይሏን ዝጊያት" አሉ። "ሻይ እዘዢ።"

ዘጋናት። እስኪመሽ አወሩን። የሹፌሩን ስም ነገሩን፣ የቀልዱንም መጨረሻ ነገሩን፤ ስቀናል። ከዚያ በኋላ የሆነውንም ነገሩን። "ይሄን እንዳትጽፊ" ስላሉን አልጻፍነውም።