ከእናቴ የተማርሁት ጥልፍ

ብዕር የለመደ እጅ መርፌ መያዝን እንደ ውርደት የሚቆጥርበት ጊዜ አለ። እኔም እስከ ሠላሳ አራት ዓመቴ ድረስ ከዚህ አሳብ አልወጣሁም ነበር። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ፈጽሜ በደባርቅ ከተማ በመንግሥት ሥራ ከተቀጠርሁ ወዲህ እጄ የሚያውቀው ብዕርና ማኅተም ብቻ ነበር።

ባለፈው ዓመት፣ የስሜን ብርድ በሚጠናበት በኅዳር ወር፣ እናቴን ከዳባት አምጥቼ ከእኔ ጋር አኖርኋት። ሁለቱንም ዓይኖቿን ሞራ ስለ ጋረዳቸው ብቻዋን መኖር አልቻለችም። ከጓዟ መካከል ለእኅቴ ሠርግ የጀመረችው የጥልፍ ቀሚስ ነበረ። የአንገቱና የደረቱ ጥልፍ ተፈጽሟል፤ ከደረቱ ወደ ታች የሚወርደውም መስቀል አልቋል፤ ሁለቱ እጅጌዎች ብቻ ባዶአቸውን ቀርተዋል። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው። «ለጠላፊ እንስጠው» ብላት፣ «እኔ የጀመርሁትን ባዳ አይጨርሰውም፤ የእኔ ዓይን ቢደክም የአንተ አለ» አለችኝ።

ትምህርቱ በአቡጀዲ ቁራጭ ተጀመረ። መርፌው ከጨርቁ ሥር ይወጣል፤ ክሩ እንደ ቀለበት ተጠምዝዞ በግራ አውራ ጣት ይያዛል፤ መርፌው በወጣበት ቀዳዳ ተመልሶ ይገባና ጥቂት አለፍ ብሎ በቀለበቱ ውስጥ ብቅ ይላል። ከዚያ ክሩ ሲሳብ አንዱ ቀለበት ሌላውን እየያዘ እንደ ሰንሰለት ይቀጣጠላል። ክሩን ቢያጠብቁት ጨርቁ ይሸበሸባል፤ ቢያላሉት ቀለበቱ አፉን ይከፍታል። ይህን ለማወቅ አንድ ሳምንት ፈጀብኝ።

አንድ ማታ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ በሩን ቢያንኳኳ ሥራውን በጋቢዬ ውስጥ ሸሸግሁት። መርፌው ጭኔን ወጋኝ፤ እኔም ሕመሜን ውጬ ስለ በጀት አወራሁ። እንግዳው ሲሄድ እናቴ፣ «ምን ሰርቀህ ነው የምትደብቀው?» አለችኝ። መልስ ሳጣ፣ «ይህን ጥልፍ ያስተማረኝ አባቴ ነው። ቀን ይደግም ነበር፤ ማታ ይጠልፍ ነበር» ስትል ነገረችኝ። አያቴን ደብተራ መሆናቸውን እንጂ ጠላፊ መሆናቸውን አላውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን መመርመር ጀመርሁ። በዱሮ ዘመን በአገራችን መፍተል የሴት፣ መሸመንና በመርፌ መስፋት የወንድ ሥራ እንደ ነበረ ተረዳሁ። የስሜኑ ገዥ የደጃዝማች ውቤ ልጅ፣ የዐፄ ቴዎድሮስ ባለቤት እቴጌ ጥሩወርቅ የለበሱት ቀሚስም፣ በነጭ ጥጥ ላይ በኅብረ ቀለም ሐር የተጠለፈ፣ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ተወስዶ ዛሬ በሎንዶን በቪክቶሪያና አልበርት ቤተ መዘክር ይገኛል። እኔ በጋቢ ሥር የሸሸግሁትን ሙያ ባዕዳን በቤተ መዘክር አክብረው አስቀምጠውታል።

የመጀመሪያውን እጅጌ በጨረስሁ ማታ ደስ ብሎኝ ለእናቴ ሰጠኋት። እርስዋ ግን ፊቱን ትታ ጀርባውን በጣቷ ዳሰሰችው። ጫፉ ላይ ስትደርስ ክሩን ይዛ ብትስበው የሦስት ማታ ድካሜ በአንድ ጊዜ ተርተረተረ። የመጨረሻውን ቀለበት በትንሽ ስፌት ማሰር ረስቼ ኖሯል። ተቆጣሁ፤ እርስዋ ግን፣ «ከሚያፈርሱብህ ይልቅ ሳትታሰር የቀረች አንዲት ቀለበት ትብሳለች፤ ደግሞም በሠርጉ ላይ ከሚተረተር እዚህ ይተርተር» አለችኝ። በማግሥቱ ባልደረባዬ ተመልሶ ሲመጣ መርፌውን አልሸሸግሁም። ጥቂት አይቶኝ፣ «የእኔም አያት ይጠልፉ ነበር» አለ።

በሠርጉ ዕለት እኅቴ ቀሚሱን ለብሳ እናታችንን ልትሳለም ጐንበስ አለች። እናቴ ፊቷን ከመዳሰሷ አስቀድማ እጅጌውን ዳሰሰች፤ እስከ ጫፉ ሄዳ ክሩን ሳበችው፤ አልተፈታም። ከዚያ በኋላ መረቀችን።

አንባቢ ሆይ፣ በቤትህ ያለውን የጥልፍ ቀሚስ ገልብጠህ ጀርባውን ተመልከት፤ ማን እንደ ሠራውም፣ የሚነግርህ ሰው ሳለ፣ ጠይቅ።