ፈንግል አጥር አያውቅም



የዚህ ወር ጽሑፋችን አንዳንዶቻችሁን ፈገግ ሳያሰኝ አይቀርም። በቤተሰብ መጽሔት ስለ ትዳርና ስለ ልጅ አስተዳደግ ይጻፋል እንጂ ስለ ዶሮ ጤና ምን ያጽፋል የሚል ይኖራል። እኛ በኮምቦልቻ ዳርቻ የምንኖር፣ ቀን በመንግሥት ትምህርት ቤት ባዮሎጂ የምናስተምር፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ደግሞ በመድረሳ ሕፃናትን የምናስቀራ ነን። በሁለቱም ቦታ የምናየው አንድ ነገር አለ። የብዙ ልጅ ደብተርና እስክርቢቶ የሚገዛው እናቱ ከምትሸጠው እንቁላል ነው። በግንቦት የአንድ ሰፈር ዶሮ ካለቀ፣ በመስከረም ባዶ እጁን ወደ ክፍል የሚገባው ልጅ የማን እንደሆነ አስቀድመን እናውቃለን።

ነገሩን ከአውራ ዶሮው እንጀምር። አውራ ዶሮ በሙስሊም ቤት ክብር ያለው ፍጡር ነው። ለሶላት ይቀሰቅሳልና እንዳይሰደብ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መከልከላቸው በአቡ ዳውድ ተዘግቧል። ድምፁን የሰማ ሰው አላህን ከችሮታው እንዲለምን መታዘዙም በቡኻሪና በሙስሊም ይገኛል። የጃፓን ናጎያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደግሞ በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ በማይለዋወጥ ደብዛዛ ብርሃን ውስጥ የቆዩ አውራ ዶሮዎች ንጋትን ሳያዩ በሰዓቱ እንደሚጮኹ አሳይተዋል። ሰዓቱ በውስጡ ነው ማለት ነው። ስለዚህ በእኛ ቤት አውራው አንድ ንጋት ዝም ካለ፣ ከሱብሒ ሶላት መልስ መጀመሪያ የሚጎበኘው እሱ ነው።

በሌላ አገር፣ ለምሳሌ በፊሊፒንስ፣ አውራ ዶሮን ለውጊያ የሚያሳድጉ ሰዎች አሉ። እንስሳትን እርስ በርስ ማዋጋት በሃይማኖታችን የተከለከለ ነው፤ እግሩ ላይ ስለት ታስሮለት ለቁማር መሞቱም ልብ ያሳዝናል። አንድ ነገራቸው ብቻ ያስቀናናል፦ ዶሯቸውን በየቀኑ በእጃቸው ይዘው ይመረምሩታል። እኛ ዘንድ ዶሮ የሚያዘው ሊታረድ ወይም ሊሸጥ ሲሆን ብቻ ነው።

እኛ የመረጥነው ኀሙስ ማታ ነው። ከመግሪብ በኋላ ቆጡ ላይ ሲወጡ በባትሪ እናያቸዋለን፤ በዚያ ሰዓት ለመያዝም አያስቸግሩም። በአውራው ራስ ላይ ያለው ሥጋ ደማቅ ቀይ መሆን አለበት። ከገረጣ ደሙን የሚመጥ ነገር አለ፣ ወይም የሆድ ትል ይዞታል። የደረቱን አጥንት በጣታችን እንዳስሳለን፤ አጥንቱ እንደ ቢላ ስል ሆኖ ከተሰማን ላባው ቢያሳምረውም ከስቷል። በክንፉ ሥርና በመቀመጫው ዙሪያ ቅማል እንፈልጋለን። እግሩ ላይ ያለው ቅርፊት ወደ ላይ ተነሥቶ ከሻከረ በሥሩ የተደበቀች ጥቃቅን ተባይ አለች፤ ቅርፊቱን ሳንፍቅ ለሳምንታት ቫዝሊን እንቀባዋለን። ከእግሩ በስተኋላ የሚያድገው ቀንድ መሳይ ጥፍር ከረዘመ ሴቶቹን ስለሚያቆስል ጫፉን ብቻ በሞረድ እናደበዝዛለን። ውስጡ ሕይወት ያለው አጥንትና ደም ስለሆነ ከሥሩ አይቆረጥም።

ልጆቻችን በጣም የሚወዱት ቆጡን መፈተሽ ነው። ቀይዋ የዶሮ መዥገር መሳይ ተባይ ቀን በእንጨቱ ስንጥቅ ተደብቃ ትውልና ሌሊት ወጥታ ደም ትመጣለች። ቀን ዶሮውን ያየ ሰው ምንም አያገኝም። ዶሮዎቹ ለስምሪት ሲወጡ ቆጡን አውጥተን የፈላ ውኃ እናፈስበታለን፣ ፀሐይ ላይም እናውለዋለን። ደረቅ አመድና አፈር የተቀላቀለበት ጉድጓድ በጥላ ሥር ካለ ዶሮ ራሱ እየተንከባለለ ቅማሉን ይቀንሳል።

ወቅቶቹም የየራሳቸው ጣጣ አላቸው። በክረምት የቤቱ ወለል ከረጠበ ጫጩቶች ደም የቀላቀለ ኩስ ይጥላሉ፤ ጉዝጓዙን ቶሎ ቶሎ መቀየርና አምፕሮሊየም የተባለውን መድኃኒት ከእንስሳት ሐኪም ጠይቆ በውኃ መስጠት ይገባል። ዝናቡ ሲያበቃ ትንኝ ይበዛል፤ የዶሮ ፈንጣጣም ከትንኝ ጋር ይመጣል። የትል መድኃኒት በየሦስት ወሩ እንሰጣለን።

እነዚህ ሁሉ ግን አንድ ቤት ለብቻው ሊወጣቸው የሚችላቸው ናቸው። ፈንግል እንዲህ አይደለም።

ፈንግል በቫይረስ የሚመጣ በሽታ ነው። ዶሮዋ ታነጥሳለች፣ ክንፏን ትጥላለች፣ አረንጓዴ ኩስ ትጥላለች፤ ከሞት የዘገየችው አንገቷ ይጣመማል። ብዙ ሰው ቴትራሳይክሊን ካፕሱል ፈትቶ በውኃ ያጠጣል፤ ሌላው ሎሚና ነጭ ሽንኩርት ይሰጣል። ካፕሱሉ ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን አይገድልም። በሽታው ከገባ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም፤ ያለው አስቀድሞ መከተብ ነው። ሙቀትን የተሻለ የሚቋቋም፣ በዐይን አንድ ጠብታ የሚሰጥ የክትባት ዐይነት ቢሾፍቱ በሚገኘው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ይመረታል። ክትባቱ እስኪሠራ ሁለት ሳምንት ያህል ይወስዳል፤ በየሦስት ወይም በየአራት ወሩም ይደገማል። የታመመች ዶሮ አትከተብም።

ችግሩ ጠርሙሱ ነው። አንዱ ጠርሙስ ለብዙ ዶሮ የተዘጋጀ ነው፤ ከተከፈተ ደግሞ የዚያኑ ዕለት ማለቅ አለበት። ዐሥር ዶሮ ያላት እናት ለብቻዋ ገዝታ የቀረውን ትደፋለች ማለት ዘበት ነው። ስለዚህ ነገሩ ወደ ቅሬያችን ገባ። መጀመሪያ አንድ አዛውንት፣ «ኡስታዝ፣ ቅሬ ለሬሳ ነው፤ ለዶሮ ደግሞ ልንሰበሰብ ነው?» ብለው ሰውን ሁሉ አሳቁብን። ቀጥለውም፣ «የአላህ ቀድር ከመጣ ጠብታ አይመልሰውም» አሉ። እኛም በመድረሳ ስለ ግመሉ ሰውዬ፣ አስሮ እንዲመካ ስለተነገረው፣ እሳቸው ራሳቸው በልጅነታችን እንዳስተማሩን አስታወስናቸው። ሳቁ ወደ እሳቸው ዞረ፤ መዋጮውን ግን ቀድመው የከፈሉት እሳቸው ናቸው።

የክትባቱን ወር ከዒድ ጋር እናያይዘው ያሉም ነበሩ። ይህ አያስኬድም። ረመዳን በየዓመቱ ዐሥራ አንድ ቀን ያህል ወደ ኋላ ይመጣል፤ ፈንግል ግን ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ፣ ዝናብ ሲቃረብ ይበረታል። ስለዚህ አንዱ ዙር መጋቢት ላይ እንዲውል ተስማማን።

በ2011 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 20፣ ዒደል ፊጥር ደግሞ ግንቦት 27 ዋለ። በዓላቱ ተከታትለው ስለመጡ ዶሮ ከየገጠሩ ወደ ገበያ ጎረፈ፤ ፈንግልም አብሮ ገባ። በሰፈራችን አንዲት ባሏ የሞተባት እህት ከመጋቢቱ ክትባት በኋላ ተከራይታ የገባች ነበረች። ዐሥር ዶሮ ነበራት። ዒድ ሳምንት ሲቀረው ሁለቱ ማነጠስ ጀመሩ። ገበያ በማግስቱ ነው፤ ዋጋውም ከወትሮው ከፍ ብሏል። «ሳይብስባቸው አውጪያቸው፤ ማን ያውቃል?» ብለው የመከሯት ነበሩ።

ከኢፍጣር በኋላ ወደ እናታችን መጣች።

«እማማ፣ ለልጆቹ የዒድ ልብስ የማወጣው ከእነሱ ነው። ምን ልሁን?»

እናታችን ቡናውን እየቀዱ ጥቂት ዝም አሉ። «ልጄ፣ ለገዢው መታመማቸውን ትነግሪዋለሽ?»

«ከነገርኩትማ ማን ይገዛኛል።»

«እንግዲህ መልሱን ራስሽ አወቅሽው።»

የሸቀጥን ነውር ደብቆ መሸጥ ሐራም መሆኑን የማያውቅ ሙስሊም አይገኝም። በዶሮ ላይ ሲሆን ግን ብዙዎቻችን እንደ ብልጠት እናየዋለን። ከሸሪዓው ሌላ የሚታይም ነገር አለ። ያች የታመመች ዶሮ በገዢው ግቢ ዐሥር ዶሮ ትጨርሳለች። የዚያ ሰፈር ሰውም በተራው ደንግጦ የራሱን ገበያ ያወጣል። ፈንግል ከቀበሌ ወደ ቀበሌ የሚሄደው በአብዛኛው በሰው እጅ፣ በቅርጫትና በአውቶብስ ነው።

እሷ ገበያ አልወጣችም። በአምስት ቀን ውስጥ ስምንቱ ሞቱ። ቀላል ነበር አንልም፤ በዚያ ዒድ ልጆቿ የለበሱት የታጠበ አሮጌ ልብስ ነው። እኛ ዘንድ ከተከተቡት ዐሥራ አራት ዶሮዎች ሁለት ሞቱ። ክትባት የብረት አጥር አይደለም፤ ዐሥራ ሁለቱ ግን ተረፉ፣ አልሐምዱሊላህ።

በክቱን ለውሻ መጣል በሽታውን ማዞር ስለሆነ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረን፣ አመድ ነስንሰን ቀበርን። የቅሬው ሴቶች ከየቤታቸው አንዳንድ ቄብ ሊሰጧት ወዲያው ተነሥተው ነበር፤ እንዲቆዩ ለመንናቸው። መጀመሪያ ጉዝጓዙ ተቃጠለ፣ ቆጡና ግድግዳው በፈላ ውኃና በሳሙና ታጠበ፣ ቤቱም ተከፍቶ ፀሐይ እየገባበት ባዶውን ከረመ። ስድስቱ ቄቦች የገቡላት የነሐሴው ዙር ክትባት ከተሰጠ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። አውራ ዶሮ የሰጧት እኒያ አዛውንት ናቸው። እሱንም ቢሆን ከሴቶቹ ጋር ከመቀላቀሏ በፊት ሁለት ሳምንት ለብቻው አሰረችው፤ ሌሊት ከጓዳዋ ሲጮኽ ተከራዮቹ ያጉረመርሙባት ነበር።